የምሽቱን ዜና ቅደም ተከተል የሚወስነው ማን ነው?

አዲስ_ሪፖርተር (ውይይቱን የከፈተች) — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐዋሳ ውስጥ በመንግሥት በጀት በሚተዳደር አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሪፖርተር ከሆንኩ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የጣቢያውን ስም አልጠቅስም፤ እናንተም ብታውቁት እንኳ አትጥቀሱብኝ፤ እንጀራዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከአንድ የካሜራ ባለሙያ ጋር ውሃ ከጠፋበት ሦስት ሳምንት ያለፈው ሰፈር ሄድኩ። አንዲት እናት አራት ቢጫ ጀሪካን ባጃጅ ላይ ሲያስጭኑ አገኘኋቸውና ማይክራፎን አቀረብኩላቸው። «ለውሃው ከምከፍለው ለባጃጁ የምከፍለው ይበልጣል» አሉኝ።

ዜናዬን የጀመርኩት የሰፈሩን ስም ጠርቼ «ውሃ ከተቋረጠ ሦስት ሳምንት አለፈ» ብዬ ነበር። ከአርታኢው ጠረጴዛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «የከተማዋን የንጹሕ መጠጥ ውሃ ሽፋን ለማሳደግ በተያዘው ሥራ አንዳንድ ተግዳሮቶች ማጋጠማቸው ተገለጸ።» እናትየው የሉም። ባጃጁም የለም። ጀሪካኖቹ ግን አሉ፤ እኔ ስለ «ሽፋን» ሳነብ ድምፅ አልባ ሆነው ያልፋሉ። ዜናው አሥራ አንደኛ ሆኖ ከስፖርት በፊት ተላለፈ።

የገረመኝ ሌላ ነው። ማንም አልከለከለኝም። ከላይ የደወለ ሰው የለም፤ አርታኢው አጠገቤ ነበሩ፣ ስልካቸውም ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ኃይል እየሞላ ነበር። አልተቆጡኝም። «እንዲህ ይሻላል» ብለው ሻይ ጋበዙኝ። ታዲያ የመንግሥት ፖሊሲ ወደ ዜና ክፍል የሚገባው በየት በኩል ነው? የተጻፈ ነገር አለ ወይስ ልማድ ነው?

ከታቦር_ማዶ — ማክሰኞ፣ 3፡41

«ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመላከተ»። ማን ገለጸ? ለማን? ሃያ ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥን ሳይ ይህን የሚገልጸውን ሰውዬ አንድም ቀን አላየሁትም። ይልቅ ሰፈሩ የት ነው? የእኛም ቧንቧ ከሰነበተ ወዲህ ያስላል እንጂ አይፈስም።

አወያይ — ማክሰኞ፣ 3፡50

የጣቢያ፣ የመሥሪያ ቤትና የባልደረባ ስም እንዳይጠቀስ አደራ። ሕግና የታወቀ ታሪክ ግን በስሙ ይጠራ።

የድሮ_አርታኢ — ማክሰኞ፣ 4፡35

ልጄ፣ ስልክ አትጠብቂ። እኔ ጡረታ እስክወጣ በሠራሁበት ዘመን ስልክ ተደውሎ «ይህን አውጡ፣ ያንን አስገቡ» የተባልኩባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በቀሩት ቀናት መደወል አላስፈለገም።

ሥራ ስጀምር ሳንሱር የሚባለው ነገር ፊት ነበረው። የሚያነብ ሰው፣ የሚሰረዝበት ቀለም፣ የሚመታ ማኅተም ነበር። ጽሑፍህ ሲመለስ ማን እንደሰረዘብህ ታውቃለህ፤ ብትደፍር ሄደህ ትለምነዋለህ። በ1985 የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 29 ላይ ከለከለው። ክፍሉ ተዘጋ። ሥራው ግን በማስታወቂያ ሚኒስቴር ኮሪደር አልቀረም፤ ያለ ተጨማሪ ደመወዝ ለአርታኢው ተደረበለት።

በየት በኩል ይገባል ብለሽ ጠይቀሻል። በመጀመሪያ በዕቅዱ ይገባል። በመንግሥት ጣቢያ የዜና ክፍል ዓመታዊ ዕቅድ አለው፤ ዕቅዱ የሚቀዳው ከመንግሥት ዓመታዊ ዕቅድ ነው። ስለ ግብርና ይህን ያህል ዘገባ፣ ስለ ኢንቨስትመንት ይህን ያህል፣ ስለ ሰላምና መልካም አስተዳደር ይህን ያህል። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይቀርባል። አለቃሽ የሚጠየቁት «ስንቱ እውነት ነበር?» ተብለው አይደለም፤ «ከዕቅዱ ስንት በመቶ ተፈጸመ?» ተብለው ነው። የአንቺ ውሃ የትኛው ረድፍ ውስጥ ይገባል? «ውሃ ጠፋ» የሚል ረድፍ የለም። «የውሃ ሽፋንን ማሳደግ» የሚል ረድፍ ግን አለ። አርታኢሽ ዜናሽን የጣሉት አይመስለኝም፤ የሚገባበት ሣጥን ፈልገው እስኪመጥን ድረስ አጣጠፉት።

ቀጥሎ በመኪናው ይገባል። ይህን ከውጭ የሚያይ አያውቀውም። ለዜና ክፍሉ የተመደበው መኪና ሁለት ነው እንበል፤ አንዱ ጋራዥ ነው፤ የሁለተኛው የነዳጅ ኮታ አልቋል። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ስድስት ደብዳቤ ይጠብቅሻል፤ ጉዳዩ በሙሉ «የሚዲያ ሽፋን ስለመጠየቅ» ነው። አንደኛው ቢሮ ሥልጠና አለው፤ ሁለተኛው ሥራ ይመረቅለታል፤ ሦስተኛው የምክክር መድረክ ጠርቷል። ደብዳቤው ግርጌ ላይ «ትራንስፖርትና ውሎ አበል በእኛ በኩል ይሸፈናል» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ውሃ የጠፋበት ሰፈር ግን ደብዳቤ አይጽፍም፤ መኪናም አይልክም። እንግዲህ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አርታኢው እጅ ላይ ምን ይኖራል? አራት አዳራሽ፣ አራት ጀርባ ላይ የተሰቀለ ጨርቅ፣ አራት «የሥራ ኃላፊ ገለጹ»። መመሪያ ማን ሰጠ? ማንም። መኪናው ሰጠ።

ስለ ቅደም ተከተሉ ነገ እጽፋለሁ፤ ዓይኔ ደከመ።

የቢሮ_ሰው — ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15

እኔ ያንን ደብዳቤ ከሚጽፉት አንዱ ነኝ። በአንድ ቢሮ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነኝ። ጋሼ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎት፤ መኪና ባንልክስ ትመጡ ነበር? ውሎ አበሉን የምንከፍለው ለጉቦ ሳይሆን ጋዜጠኛው ወረዳ ወርዶ የሚያድርበት ስለሌለው ነው።

ደግሞስ በሕዝብ በጀት የሚኖር ጣቢያ የመንግሥትን ሥራ ባይናገር ማን ይናገርለት? የክትባት ዘመቻ፣ የተፋሰስ ሥራ፣ የማዳበሪያ ሥርጭት ወሬው ለሕዝቡ ካልደረሰ ይበላሻል። ልማታዊ ጋዜጠኝነት የሚባለው እኮ ይኸው ነው። እህታችን ደግሞ አንዲት እናት አናግራ መጣች፤ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቃለች ወይ? ፓምፑ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ መብራት ሊሆን ይችላል። በአንድ ወገን ቃል ዜና መጀመርስ ሙያ ነው?

አዲስ_ሪፖርተር — ረቡዕ፣ 4፡05

ልክ ነዎት፣ በጽሑፍ አልጠየቅኩም። ሦስት ጊዜ ስልክ ደወልኩ፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ።

መምህሩ — ረቡዕ፣ 6፡30

ጋዜጠኝነት ካስተማርኩ ዓመታት ስላለፉ ልግባበት። የቢሮ ሰው፣ በአንዱ ነጥብ እሸነፋለሁ፤ መጠየቅ ነበረባት። በ«ልማታዊ» ግን አልሸነፍም። ቃሉ በአውሮፓውያን 1960ዎቹ የተወለደው ፊሊፒንስ፣ ማኒላ ውስጥ በነበሩ የእስያ ጋዜጠኞች መካከል ነው። የመጀመሪያ ሐሳባቸው ሪፖርተሩ ሪባን ሲቆረጥ ቆሞ ከመቅረጽ አልፎ ፕሮጀክቱ ከተመረቀ በኋላ ወደ መንደሩ ተመልሶ እንዲሄድ ነበር፦ የተባለው ገንዘብ ወጣ? የተባለው ውሃ ደረሰ? በኋላ መንግሥታት ቃሉን ወደዱትና ጥያቄውን አውጥተው ስሙን አስቀሩት። እህታችን ባጃጁ ዘንድ የሠራችው በመጀመሪያው ትርጉም ልማታዊ ዘገባ ነው።

ሕጉን ለጠየቀ፦ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚችልበት አኳኋን እንዲመራ ያዝዛል። «የመንግሥት ድምፅ ነው» የሚለው እንግዲህ ከሕገ መንግሥቱ የመጣ አይደለም። የባጃጇ እናት አስተያየትም አስተያየት ነው።

የመንግሥት እጅ በዜና ውስጥ የእኛ ብቻ በሽታ እንዳይመስላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ላንሣ። የእንግሊዝ መንግሥት በአውሮፓውያን 1988 የሲን ፌን ፓርቲና የሌሎች የሰሜን አየርላንድ ድርጅቶች ተወካዮች ድምፃቸው በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እንዳይሰማ ከለከለ። ልብ በሉ፤ የተከለከለው ድምፁ ነው። ምስሉና ቃሉ አልተከለከለም። የቢቢሲና የሌሎች ጣቢያዎች ዜና ክፍሎች ምን አደረጉ? ተዋናይ ቀጠሩ። የሲን ፌን መሪ ጄሪ አዳምስ አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታያል፤ የሚሰማው ግን ቃሉን የሚያነብ የተዋናይ ድምፅ ነው። ይህ እስከ 1994 ዘለቀ። እዚያ እገዳው የተጻፈ ስለነበር አርታኢዎቹ የት ላይ እንደሚያበቃ አውቀው ጠርዙ ድረስ ሄዱ። ጠርዙ ያልተጻፈለት አርታኢ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚሸሽ ገምቱ።

ከታቦር_ማዶ — ረቡዕ፣ 7፡02

የእኛን እናት ድምፅ ለማንበብ እንኳ ተዋናይ አልተቀጠረም ማለት ነው።

ሦስት_እግር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

የካሜራ ሰው ነኝ፤ ጽሑፍ አልወድም፤ ግን እናንተ ሁሉ የምትናገሩት ስለ ቃል ነው። ፖሊሲ በሌንስም ይገባል። አዳራሽ ስገባ መጀመሪያ የማየው ወንበሩን ነው። ግማሹ ባዶ ከሆነ ሰፊ ምስል አልወስድም፤ ማንም ሳይነግረኝ ፊተኛውን ረድፍ ብቻ በጠባቡ እይዛለሁ። የሚጽፉ እጆች አነሣለሁ፤ ሁልጊዜ የሚጽፍ እጅ አለ። ጭብጨባ ሁለት ጊዜ እቀርጻለሁ፤ አንዱ ለመጠባበቂያ ነው። አዲስ በነበርኩ ጊዜ ባዶ ወንበሮቹን ቀርጬ ስመለስ የቪዲዮ አርታኢው ምስሉን አይቶ ሳቀ፤ «ይህን ለማን ነው የቀረጽከው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልቀረጽኩም። መልሱ ጠፍቶኝ ነው።

የድሮ_አርታኢ — ረቡዕ፣ 2፡55

ቃል በገባሁት መሠረት ስለ ቅደም ተከተሉ።

የምሽት 2 ሰዓት ዜና ማዕረግ ያለው ነገር ነው። መጀመሪያ ከፍተኛው ሹም፣ ቀጥሎ ምክትሉ፣ ቀጥሎ ቢሮ ኃላፊዎች። የተናገሩት ነገር ክብደት አይመዘንም፤ የተቀመጡበት ወንበር ነው የሚመዘነው። አንድ ምሽት ከባድ የመኪና አደጋ ዜና መጣ፤ ሰው ሞቷል። እኔ ተረኛ ነበርኩ። አንደኛ ላይ ያለው የአንድ ሹም የጉብኝት ዜና ነው። አደጋውን ወደ አንደኛ ለመውሰድ እጄን የኮምፒውተሩ ማውዝ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ማንም አላየኝም፤ ኤዲቶሪያል ስብሰባው ካበቃ ቆይቷል፤ ክፍሉ ውስጥ እኔና አንድ ቴክኒሻን ብቻ ነን። አደጋውን አራተኛ ላይ አስቀመጥኩት። እስከ ዛሬ ማን እንደከለከለኝ እፈልጋለሁ።

ስለ ቃልም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሐዋሳ ውስጥ የሠራ ያውቀዋል። «የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» የሚለውን ስም ዜና አንባቢ በአንድ ትንፋሽ ሲያነብ አስታውሱ። በአንድ ዜና ውስጥ አራት ጊዜ ይመጣል። «ደቡብ ክልል» ብለን ካሳጠርን ቅሬታ ይመጣ ነበር፤ ስሙ ራሱ ፖሊሲ ነበርና። ከዚያ ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ በ2012 መጨረሻ ሲዳማ ክልል ሆነ፤ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ወጣ፤ በ2015 መጨረሻ የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆኖ ተከፈለ። በየመሸጋገሪያው የትናንቱ ቃል ዛሬ ስሕተት ይሆናል። ሕዝበ ውሳኔው ከመድረሱ በፊት «የክልልነት ጥያቄ» ብሎ መጻፍና «የክልልነት መብት» ብሎ መጻፍ ሁለት የተለያዩ ጎራዎች ነበሩ። አርታኢ ያንን ሲጽፍ ሰዋስው አያስብም፤ ነገ ጠዋት ማን ፊት እንደሚቀመጥ ነው የሚያስበው።

የግል_ጣቢያ — ሐሙስ፣ 4፡20

የመንግሥት ጣቢያ የሚሠሩት ሲያማርሩ እሰማለሁና ከግሉ ወገን ልናገር። «እናንተ ነጻ ናችሁ» ይሉናል። በ2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በብሮድካስት እንዳይተላለፍ ተከለከለ። ለጤና ሲባል የወጣ ሕግ ነው፤ አልቃወመውም፤ አባቴን የቀበርኩት በመጠጥ ነው። ግን የፕሮግራሞቻችን ትልቁ ስፖንሰር ቢራ ነበር። ቢራው ሲሄድ በቦታው ማን መጣ? የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የመንግሥት የልማት ድርጅት፣ ባንክ። ከዚያ ወዲህ አለቃችን ስለ አንድ መሥሪያ ቤት ወቀሳ የያዘ ዜና ሲቀርብለት የሚጠይቀው «ማረጋገጫ አለህ?» ብሎ አይደለም፤ «እነዚህ የእኛ ናቸው እንዴ?» ብሎ ነው። የእኛ ማለት ማስታወቂያ የሰጡን ማለት ነው። የጤና ፖሊሲ ወጥቶ ዜና ክፍላችን ውስጥ ሌላ ፖሊሲ ወለደ፤ ሕጉን ያረቀቁት ይህን አስበውት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ፈቃዱም አለ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 ሲወጣ ደስ ብሎን ነበር፤ በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ተፈጸመ በተባለ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ለምርመራ ሳይታሰር ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይላል። በ2017 ሲሻሻል ግን ፈቃድን የሚመለከተው ከባዱ ሥልጣን ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቦርድ ወደ ራሱ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ዞረ፤ ዋና ዳይሬክተሩንም የሚሾሙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆኑ። ባለሀብታችን ይህን በጋዜጣ ያነበቡ ዕለት ወደ ዜና ክፍል ወርደው ሁላችንንም ደህንነታችንን ጠየቁ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። በዚያ ሳምንት ሁለት ዘገባ «ለማጣራት» ተብሎ ቆየ፤ እስካሁን እየተጣራ ነው።

የቢሮ_ሰው — ሐሙስ፣ 6፡00

ሁሉም ነገር በመንግሥት ይሳበባል። ሰነፍ ሪፖርተርም አለ። የላክሁለትን መግለጫ ነጠላ ሰረዙን እንኳ ሳይነካ የሚያነብ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ የፊደል ግድፈቴ ሳይቀር ተነበበ፤ «አርሶ አደሮች» ልል «አርሶ አዳሪዎች» ብዬ ነበር።

የድሮ_አርታኢ — ሐሙስ፣ 6፡25

እውነትህን ነው፣ ወንድሜ። ስንፍናና ፍርሃት አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ማንኛው እንደሚበዛ እኔም ለይቼ አላውቅም።

አዲስ_ሪፖርተር — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

ስለ መልሳችሁ ሁሉ አመሰግናለሁ። አሁን ምን ላድርግ? ዜናውን እንደገና መሥራት እፈልጋለሁ፤ አርታኢዬን ማስቀየም ግን አልፈልግም። ክፉ ሰው አይደሉም።

መምህሩ — ሐሙስ፣ 2፡10

ጋሼ የነገሩሽን ዕቅድ ጠላት አታድርጊው። በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቀን ያለበት፣ ማኅተም ያለበት፣ ቅጂው እጅሽ ላይ የሚቀር ደብዳቤ ይሁን። መረጃ የማግኘት መብትን በሚደነግገው አዋጅ 590/2000 መሠረት መሥሪያ ቤቱ መልስ ለመስጠት እስከ 30 ቀን አለው። ለዜና 30 ቀን ዘመን ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን «አልተጠየቅንም» የሚለው በር ይዘጋል። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱን የራሱን ዓመታዊ ዕቅድ ፈልጊ። በዚህ ሩብ ዓመት ለዚያ ሰፈር ምን ቃል ተገብቷል? ዜናሽን «በዕቅዱ መሠረት» ብለሽ ጀምሪ፤ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ባጃጁ ይሁን። ያኔ አርታኢሽ የሚያስገቡበት ሣጥን አላቸው።

ሦስት_እግር — ሐሙስ፣ 2፡18

የእናትየውን ንግግር ከጽሑፍሽ መሐል አትክተቺው፤ ከዚያ በቀላሉ ይቆረጣል። መጀመሪያ ላይ ጀሪካኑ ሲጫን ከሚሰማው ድምፅ ጋር አያይዢው። ጽሑፍ የሚቆርጥ ሰው ብዙ ነው፤ ድምፅና ምስል እንደገና አቀናብሮ ለመቁረጥ ግን ቪዲዮ አርታኢ ማስነሣት ያስፈልጋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያንን የሚያስነሣ የለም።

የቢሮ_ሰው — ሐሙስ፣ 2፡40

የራሴን ዕቅድ ጠቅሶ የመጣ ጥያቄ ከሆነ እኔ ብሆን መልስ ሳልሰጥ አላድርም። ከእኔ በላይ ያሉት ስብሰባ ላይ ካልሆኑ።

አዲስ_ሪፖርተር — ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ከምሽቱ 3፡05

ያላችሁትን ሁሉ አደረግኩ። ደብዳቤ አስገባሁ፤ በስምንተኛው ቀን መልስ መጣ፦ ፓምፕ ተበላሽቷል፤ መለዋወጫ በግዢ ሂደት ላይ ነው። ዕቅዱንም አገኘሁ፤ ሰፈሩ በዚህ ሩብ ዓመት «ሙሉ በሙሉ ተጠቃሚ» እንደሚሆን ተጽፏል። አርታኢዬ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው ብዙ ጊዜ አነበቡ። «ተቋርጧል» የሚለውን «መቆራረጥ አጋጥሟል» አደረጉት። ስለ ባጃጁ ያለውን አልነኩትም። የእናትየው ድምፅ መጀመሪያ ላይ ገባ፤ አራት ሰከንድ ነው። ዛሬ ምሽት ስድስተኛ ሆኖ ተላለፈ።

ከታቦር_ማዶ — 3፡11

አየሁት። ውሃውስ መጣ?

አዲስ_ሪፖርተር — 3፡14

ቀረጻው ላይ ሳለን ለሃያ ደቂቃ ያህል መጣ። እናትየው ንግግራቸውን አቋርጠውኝ ጀሪካን ሊሞሉ ሮጡ፤ አራት ሰከንድ የሆነውም ለዚያ ነው።

ከታቦር_ማዶ — 3፡16

በየትኛው ቀን ነበር የቀረጻችሁት? እኛ ጋርም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስሎ ነበር።